ትንሽ ከፍ አድርገው

«ጫፉን ያዙልኝ እስቲ፤ መሬት እንዳይነካ» አለ ነጋሽ፣ ጥቅልሉን ከብብቱ አውጥቶ።

ሁለት ሰዎች ከለቀስተኛው መሃል ተነስተው ያዙለት። እሱ ሌላኛውን ጫፍ ይዞ ወደ ኋላ እየሄደ ዘረጋው። መጀመሪያ የዳኛቸው ጆሮ ታየ፤ ቀጥሎ ያ ሁልጊዜ ግማሽ ላይ የሚቆም ፈገግታው፤ ቀጥሎ በልጁ ምረቃ ቀን አንገቱን እያሳከከው የዋለው ክራቫት። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «የቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ቅዳሜ» ተጽፏል። በሕይወት ሳለ አውቶቡስ ላይ የሰው ቦታ እንዳይዝ ትከሻውን የሚሰበስብ ሰው አሁን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ባለቤቱ ሠናይት ግን ፊቱን አላየችም። ያየችው ባነሩ ጥግና ጥግ ላይ ያሉትን የብረት ቀዳዳዎችና ነጋሽ እጁ ላይ የጠመጠመውን ነጭ የናይለን ገመድ ነው።

«የት ነው የሚሰቀለው?» አለች።

ከጠዋት ጀምሮ ቃል ስላልወጣት ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ነጋሽ በመናገሯ ደስ አለው። «እዚሁ ጥጉ ላይ ነዋ። ፖሉና ዛፉ መሃል። ፌርፋክስን የረገጠ ሁሉ ሳያየው አያልፍም፤ ትረስት ሚ።»

አንድም ሰው አልደነገጠም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ ቦታ ነው አሉ፤ እንዲያውም አንዱ ነፋስ እንዳይገነጥለው መሃሉን ቀደድ ቀደድ ማድረግ ይሻላል ብሎ መከረ። ዳኛቸውን ባለፈው ማክሰኞ መኪና የገጨው እዚያው ጥግ ላይ፣ እዚያው ፖልና ዛፍ መሃል ከተሰቀለ ሌላ ባነር ጀርባ ብቅ ሲል እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሠናይትን ያቃጠላት ይኸው ነው። ረስተውት ቢሆን ይሻላት ነበር። አልረሱትም፤ ሁለቱን ነገር ማገናኘት ነው ያልፈለጉት።

«እዚያ አይሰቀልም» አለች።

«እሺ የኔ ልጅ፣ አንቺ ብቻ ተረጋጊ» አሉ ከጎኗ የተቀመጡት እትዬ ወሰንየለሽ፣ ከእነሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አሮጊት። ከፔርሙዙ ቡና ቀድተው በወረቀት ኩባያ አስያዟት፤ ከዚያም ሠናይት የማትሰማ ይመስል ወደ ነጋሽ ዞረው «ሀዘኑ ነው የሚያናግራት፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አሉት።

ነጋሽ ባነሩን በጥንቃቄ ጠቀለለው።

ለቅሶው የተቀመጠው በነጋሽ ሬስቶራንት፣ ለሠርግና ለልደት በሚያከራየው የጎን አዳራሽ ውስጥ ነው። የነሠናይት አፓርትመንት ከመንገዱ ማዶ፣ እዚያው ፊት ለፊት ነው፤ ግን ይህን ሁሉ ሰው አይችልም፤ ማኔጀሩም ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው ደስ አይለውም። ነጋሽ ማንም ሳይጠይቀው አዳራሹን ከፈተ። ወንበር ደረደረ፣ ከቢሮው ሶፋ አስወጥቶ ለሠናይት አስቀመጠላት፣ አስከሬኑ ወዳለበት ፊውነራል ሆም ሄደ፣ ከቄሱ ጋር ተነጋገረ፣ አገር ቤት ላለው የዳኛቸው ወንድም መርዶውን በሰው በሰው አስነገረ። ቀን ሙሉ ትሪ ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሠናይት በተገላገለች። በደግ ሰው ላይ መናደድ አበሳ ነው፤ ውሃውን እየጠጣሽ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠሽ፣ አንጀትሽ እያረረ «እግዜር ይስጥልኝ» ትያለሽ።

ምክንያቱም ነሐሴን ሙሉ ጥጉ ላይ ተሰቅሎ የከረመው ባነር የነጋሽ ነበር። የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ማስታወቂያ ነው፤ ማይክ የያዘ ጥርሰ ነጭ ዘፋኝ፣ ዙሪያውን አደይ አበባ። ከጉልበት ይጀምርና ከሰው ራስ በላይ ይወጣል። ከጎን መንገድ ወደ ፌርፋክስ የሚታጠፍ ሾፌር የሚያየው ዘፋኙን ነው፤ ከዘፋኙ ጀርባ ሊሻገር የቆመውን ሰው አያይም። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ዳኛቸው ፒኮ ሮበርትሰን ካለው የፓርኪንግ ሥራው ሲመለስ ወደ ቤቱ ለመሻገር ከዚያ ጀርባ ወጣ። ረቡዕ ጠዋት ሠናይትን ከሆስፒታል ሲያመጧት ባነሩ የለም። ዝግጅቱ ገና አልደረሰም። ፖሉ ላይ የቀረችው የተቆረጠች ነጭ ገመድ ናት። ማን አወረደው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ያወረደውም አልተናገረም።

በአዳራሹ ውስጥ ግን ወሬ ሞልቷል። ለቅሶ ደራሽ ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ይቀመጣል፣ ከዚያ ጎኑ ወዳለው ሰው ጠጋ ይላል። ሹክሹክታው ሁሉ ሶፋው ድረስ ይመጣል።

«ልጅቷ ቴክስት እያደረገች ነበር አሉ።»

«ሲቲውን ሱ ማድረግ ነው። እዚህ ጋ መብራት ትከሉ ስንት ጊዜ ተባሉ።»

«ተው ባክህ፣ ቀኑ ነው። ቀን ከደረሰ ቤትህ ተቀምጠህም አትተርፍም።»

ሠናይት በየተራ ሰማቻቸው። ሾፌሯ ተከሰሰች፤ ከተማው ተከሰሰ፤ እግዚአብሔርም አልቀረለትም። በመካከላቸው ትሪ ይዞ የሚመላለሰውን ሰው ግን ማንም ቀና ብሎ አላየውም። እሱም አልፎ አልፎ ቆም ይልና «እውነት ነው» ይላል። አንዴ ይህን ሲል ከሠናይት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ትሪውን ይዞ ወደ ኩሽና ገባ።

ከሰዓት በኋላ ልጇ ናዝራዊት ከኖርዝ ሆሊውድ መጣች። እናቷን ስማ አልተቀመጠችም፤ ክንዷን ይዛ እጅ መታጠቢያው ጋ ወዳለው ኮሪደር ወሰደቻት።

«ማሚ፣ ፖሊሱን አናገርኩት። ልጅቷ ስልክ ላይ አልነበረችም፤ ቼክ አድርገዋል። ነርስ ናት፤ ፓሳዴና ውላ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። ስታወራ ማልቀስ አላቆመችም አለኝ።»

«ምን አለች?»

ናዝራዊት ጫማዋን አየች። «‹እጅ ነው ያየሁት› ነው የምትለው። መጀመሪያ ከባነሩ ጫፍ እጅ ወጣ። ከዚያ አባዬ። ከዚያ ቱ ሌት ነበር።»

ሠናይት ግድግዳውን ተደገፈች። ያንን እጅ ታውቀዋለች።

ዳኛቸው መንገድ ሲሻገር ለቆመለት መኪና ሁሉ እጁን ያነሳ ነበር። እንደ ሌላው ሰው ጣቱን ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ አይሆንለትም፤ መዳፉን ዘርግቶ፣ ከትከሻው በላይ ከፍ አድርጎ፣ ሾፌሩን በዓይኑ ፈልጎ ያመሰግናል። አንዳንዴ መኪናው ገና ሳይቆም ነው የሚጀምረው። አብራው ስትሻገር ታፍራለች።

«ሕግ ነው ያቆማቸው፤ ምን ታመሰግናቸዋለህ?» ትለዋለች።

«ሕግ መች ፍሬን ይረግጣል? የሚረግጠው ሰውየው ነው» ይላታል።

እሱ ሾፌር ነበር። ጉልበቱ እንቢ እስኪለው ድረስ ታክሲ ነድቷል፤ ፓርኪንግ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሾፌር በነበረበት ዘመን ከመንገድ ዳር ማስታወቂያ የበለጠ የሚጠላው ነገር አልነበረም። በተለይ እነዚያ በመብራት የሚሠሩት፣ በቀይ ቆመህ ሳለ ብልጭ ብለው ከሰማይ ላይ በርገር የሚያወርዱት። «ሰው እንዳልገጭ መንገዱን ልይ ወይስ ሥጋው እንዴት እንደተጠበሰ ልይ? ይሄን የሰቀለ ሰው አንድ ቀን ታክሲ ቢነዳ!» ይል ነበር፤ የፀሐይ መከላከያውን ታች ድረስ አውርዶ፣ አገጩን መሪው ላይ አስጠግቶ። ሠናይት ትስቅበታለች። በማያውቀው ሰው ማስታወቂያ ላይ ሲሆን ምላሱ ስለት ነው።

በሚያውቀው ሰው ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ለሚያውቀው ሰው ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሺ። ዕቃ አግዘን፣ እሺ። ኤርፖርት አድርሰን፣ እሺ። ምሳ ቀርቦ ስልክ ይጮሃል፣ እሱ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቁልፉን ይፈልጋል። «ለመሆኑ እምቢ የሚለውን ቃል ቦሌ ላይ ነው የቀሙህ?» ትለው ነበር። ይስቃል። «ሰው ይቀየመኛል ሠኒ» ይላል። ሰው እንዳይቀየመው ሲል ስንት ቀዝቃዛ ምሳ በላ።

«ማሚ?» አለች ናዝራዊት። «ሶ ለጋሼ ነጋሽ እንንገረው። ያ ባነር እዚያ መሰቀል አልነበረበትም። ፐርሚት እንኳ ያለው አይመስለኝም። አሁን ደግሞ ሌላ ሊሰቅል ነው። አር ዩ ኦኬ ዊዝ ዛት? እኔ ልንገረው።»

«ተይ። ቀብሩ ይለፍ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ደበራት። ልክ እንደ እነሱ ተናገረች። ነሐሴን ሙሉ መንደሩ በሙሉ ከዚያ ባነር ጀርባ ቆሞ፣ አንገቱን እንደ ኤሊ ብቅ እያደረገ ነበር የሚሻገረው። እሷም እንደዚያው። ሁሉም አይቷል። የፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ለከተማው በተደወለ። የነጋሽ ስለሆነ፣ የበዓል ስለሆነ፣ የወገን ስለሆነ ዝም ተባለ። ዝግጅቱ ይለፍ ተባለ። አሁን ደግሞ ቀብሩ ይለፍ። ሁልጊዜ የሚያልፍ ነገር አይጠፋም።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ወሰንየለሽ ቤት ካደረችበት ናዝራዊት በመኪና አዙራ ወደ አዳራሹ አመጣቻት። መንገዱን በእግር መሻገር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ከማክሰኞ ወዲህ ግን ሠናይት አልተሻገረችውም። ጥጉን ላለማየት ዓይኗን ጨፍና ነው የምትመጣው። ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ለቅሶ ደራሽ በሩን ከፍቶ ሲገባ በክፍተቱ ዳኛቸውን አየችው።

ፖሉና ዛፉ መሃል ተወጥሮ፣ በጠዋት ፀሐይ እያበራ፣ ግማሽ ፈገግታውን ለመኪኖቹ እያሳየ ነበር። ከጉልበት ይጀምራል፤ ከሰው ራስ በላይ ይወጣል። በሩ ተዘጋ። ደግሞ ሲከፈት አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ከፊቱ ጀርባ ገባችና ጠፋች። ከዚያ በሌላኛው ጫፍ አንገቷ ብቅ አለ፤ ግራ ቀኝ አየች።

ሠናይት ተነሳች።

«የት ነው?» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። «ሀዘንተኛ እንዴት ብቻዋን አስፋልት ትወጣለች? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል፣ እትዬ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ነጋሽ መሰላሉ ላይ ቆሞ የመጨረሻዋን ገመድ እያጠበቀ ነበር። ከላይ አያትና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሠኒ፣ ግቢ እንጂ። ፀሐዩ አይሆንሽም።»

«አውርደው።»

«ለእሱ ክብር እኮ ነው። ከቫሊም ከየትም የሚመጣው ሰው የቀብሩን ቀን እንዲያውቅ …»

«ያኛውንም አንተ ነህ የሰቀልከው።»

ነጋሽ ገመዱን ለቀቀው። መኪና አለፈ፤ ባነሩ ነፋሱን ይዞ ተነፋ፣ የዳኛቸው ጉንጭ አበጠና ተመልሶ ሟሸሸ።

«ሁሉም ይሰቅላል» አለ ነጋሽ። «አየሽ ወደ ታች? ጠበቃው ሰቅሏል፣ የታክስ ቢሮው ሰቅሏል። እኔ ብቻ ነኝ? ደግሞ ያቺ ልጅ ቀስ ብላ ብትታጠፍ ኖሮ …»

«ታዲያ ምንም ካላጠፋህ ማክሰኞ ማታ ለምን አወረድከው?»

አንድ እግሩን ወደ ታች አወረደ፤ ደግሞ ቆመ። ከመሰላሉ ላይ ወርዶ ፊት ለፊቷ ሲቆም አጭር ሰው መሰለ።

«ልንገርሽ? አልነግርሽም ብዬ ነበር» አለ። «መሰላሉን የያዘልኝ እሱ ነው።»

«ማን?»

«ዳኜ። ከሥራ ሲመለስ አገኘኝ፤ ያዝልኝ አልኩት፤ እሺ አለኝ። አስሬ ስጨርስ ከታች ሆኖ ‹ነጋሽ፣ ትንሽ ከፍ አድርገው፤ የቆመ ሰው ይሸፍናል› አለኝ። ‹ከፍ ካደረግኩት ሾፌር አያነበውም፤ ዝግጅቱ እስኪያልፍ ነው እኮ› አልኩት።» ነጋሽ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «‹እሺ በቃ› አለ።»

ሠናይት ያንን «እሺ በቃ» ሰማችው። ነጋሽ ባይነግራትም ድምፁን ከነለዛው ታውቀዋለች፤ መጨረሻው ላይ ሳቅ አለበት። ሌሊቱን ሁሉ ለነጋሽ ያጠራቀመችው ንዴት መሃል ላይ መሄጃ አጣ። በሙት ሰው ላይ ተናደደች። በማያውቀው የበርገር ነጋዴ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲፎክር የኖረ ሰው፣ አንዲት ጊዜ፣ ትክክለኛውን ነገር ለትክክለኛው ሰው ተናግሮ፣ ወዲያው ዋጠው። ወዳጁ እንዳይቀየመው። አንድ ጊዜ ደግመህ ብትለው ምን ነበረበት? እምቢ፣ መሰላሉን ለቅቄ እሄዳለሁ ብትል ምን ነበረበት? ፊቱን ቀና ብላ አየችው። ከባነሩ ላይ ሆኖ ከራሷ በላይ ያለውን ሰማይ ያያል።

ከኋላዋ ሰው ተሰብስቧል። ለቀስተኛው የአዳራሹ በር ላይ ተደራርቦ ቆሟል፤ አንዳንዱ ገና ሳህኑን እንደያዘ ነው።

ሠናይት መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

«ውጣ» አለችው። «እኔ እይዝልሃለሁ።»

ነጋሽ እንደማመንታት አለ፤ ከዚያ ወጣ። የላይኛዋ ገመድ ጋ ሲደርስ ወደ ታች አየ። «ከፍ አድርጌ ብሰቅለውስ? ከዛፉ ቅርንጫፍ በላይ …»

«አውርደው።»

«የት ላድርገው ታዲያ? ፊቱን እንዴት ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ?»

«አዳራሽህ ውስጥ ስቀለው። ትሪ ይዘህ በወጣህ በገባህ ቁጥር የምታየው ቦታ።»

«ምን ሆነ ነጋሽ?» ብለው ጠየቁ እትዬ ወሰንየለሽ ከበሩ። «ለምንድን ነው የሚወርደው? ምን ሆነች እሷ?»

ሠናይት አልዞረችም። መሰላሉን እንደያዘች የነጋሽን ጫማ እያየች ጠበቀች። አሁን «ሀዘኑ ነው» ቢል፣ «ነፋሱ ነው» ቢል ሰው ሁሉ ያምነዋል፤ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። እሷም ደግማ የምትናገርበት ጉልበት የላትም።

«ይሸፍናል፣ እትዬ» አለ ነጋሽ ከላይ። ደገመው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሰው ይሸፍናል። ያኛውም ይሸፍን ነበር። እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ዳኜ ነግሮኝ ነበር።»

በሩ ላይ ከቆሙት የአንዱ ሳህን እጁ ላይ ዘመም ብላ ሹካዋ መሬት ወደቀች። እትዬ ወሰንየለሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ «ቀኑ ነው» የሚል ሰው ግን በዚያች ሰዓት አልተገኘም።

ገመዷ ተፈታች። የባነሩ አንድ ጎን ወደቀና የዳኛቸው ፊት ተጣጠፈ። ሠናይት መሰላሉን ለቅቃ ልትይዘው አሰበች፤ አልለቀቀችም። ነጋሽ በሌላኛው በኩል ያለውን ሲፈታ ሁለት ወንዶች መጥተው መሬት ሳይነካ ተቀበሉት፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው ጠቅልለው ይዘውት ገቡ። ነጋሽ ወርዶ መሰላሉ ሥር ቆመ። ሊያቅፋት ይሁን ሊንበረከክ ሳይታወቅ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ገና አልቻለችም። «ሂድ፤ ሰው ግባ በል» አለችው። ሄደ።

ናዝራዊት መኪናዋን ከቆሙት መኪኖች ጎን፣ መንገዱ ላይ አቁማ ወረደች። «ማሚ፣ ከፊውነራል ሆሙ ደወሉ። ሱቱን ዛሬ ነው የሚፈልጉት። ግቢ፣ ዞሬ ቤት ላድርስሽ፤ አንቺ ምረጪለት።»

ሱቱ ቤት፣ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ክራቫቱም አብሮ ተንጠልጥሏል። ሠናይት የቤታቸውን መስኮት ከማዶ አየችው፤ ማክሰኞ ጠዋት እሱ ገርበብ አድርጎት እንደወጣ ነው።

«መኪናሽን አንሺ፤ ሰው ዘግተሻል» አለቻት። «እኔ በእግሬ እሻገራለሁ።»

«ማሚ፣ ኖ።»

«እዚህ ነኝ፤ ታይኛለሽ።»

ጠርዙ ላይ ቆመች። በግራዋ ፖሉ፣ በቀኝዋ ዛፉ፣ መሃላቸው ባዶ። የጎን መንገዱ እስከ መጨረሻው ድረስ ይታያል። አንድ አሮጌ ግራጫ መኪና መጣ፤ ለመታጠፍ ወደ ጥጉ ተጠጋ። ውስጡ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ አለ። ሠናይት የሰውየውን ዓይን አየችው። ሰውየውም አያት፤ ከነነጠላዋ፣ ከእግር እስከ ራሷ፣ ሙሉ ሴት። ቆመ። ጠበቃት።

ወደ አስፋልቱ ወረደች። መኪናው ፊት ስትደርስ ቀኝ እጇ ከነጠላው ሥር ወጣና፣ መዳፏ እንደተዘረጋ፣ ከትከሻዋ በላይ ከፍ አለ።